ድርና ማግ

(መግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ጥንዶች ነው። ደንገጥ አትበሉ፤ የትዳር ምክር ልሰጥ አልመጣሁም፤ እሱን ከእኔ የተሻሉ ሽማግሌዎች ይዘውታል። የማወራላችሁ በፍቅር ወይም በትዳር ተጣምረው፣ በዚያ ላይ ደግሞ አንድ የጥበብ ሥራ አብረው ስለሚሠሩ ሰዎች ነው። እሱ ዜማ ሲደርስ እሷ ግጥም የምትጽፍ፣ እሷ ስትተውን እሱ የሚያዘጋጅ፣ ወይም ሁለቱም አንድ ሸራ ፊት ቆመው ብሩሽ የሚቀባበሉ።

ርቄ ከመሄዴ በፊት ከአያቶቼ ቤት ልነሳ።

አባባ ሸማኔ ነበሩ። ቤታቸው ጥግ ላይ የሸማ ጉድጓዳቸው ነበረች፤ እግራቸውን እዚያ ከተው እየረገጡ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልሱት የሚሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እማማ ደግሞ በር ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ እንዝርት ያሾራሉ። ጥጡን የሚዳምጡት እሳቸው፣ በደጋን የሚነድፉት እሳቸው፣ የሚፈትሉትም እሳቸው ናቸው። ለድር የሚሆነው ክር ጠበቅ ብሎ ይከረራል፤ መወጠር አለበትና። ለማግ የሚሆነው ላላና ለስለስ ይላል፤ ጋቢው ሲለበስ የሚሞቀው በእሱ ነው።

አንድ ቀን ክር ተበጠሰ። አባባ ሥራ አቁመው “ይቺ ክር አልተከረረችም” አሉ። እማማ ከእንዝርታቸው ቀና እንኳ ሳይሉ “ክሩስ ተከርሯል፤ ረገጣህ ነው የበረታው” አሏቸው። አባባ መልስ አልሰጡም። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ክሩን ቋጠሩና ቀጠሉ። ትንሽ ቆይቼ ሳዳምጥ ግን አረጋገጣቸው ቀለል ብሏል።

ጋቢው አልቆ ገበያ ሲወጣ ገዢው ጨርቁን በጣቱ እያሻሸ “የማን እጅ ነው?” ብሎ ይጠይቃል። የሚጠራው የአባባ ስም ነው። ለአንድ ጋቢ፣ አራት ድርብ ሆኖ ለሚለበስ ነገር፣ ስንት ልቃቂት ስንት ሌሊት የፈተሉት እማማ ግን በጋቢው ወሬ ውስጥ የሉም። ማንም በክፋት አላደረገውም። ልማዱ ነው፤ ሸማ የሸማኔ ነው።

ይህን “የማን እጅ ነው?” የሚል ጥያቄ ያዙልኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚሽከረከረው።

(አጭር የሙዚቃ ማለፊያ)

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት፣ ከአገራችን አዋጆች በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ጥንዶቻችን ክሪስቶና ዣን ክሎድ ናቸው። ክሪስቶ የተወለደው ቡልጋሪያ ውስጥ ጋብሮቮ በምትባል ከተማ ነው፤ ዣን ክሎድ ደግሞ ሞሮኮ፣ ካዛብላንካ። የተወለዱበት ቀን ግን አንድ ነው፤ ጁን 13 ቀን 1935። የተገናኙት በ1958 ፓሪስ ላይ ነው። እሱ ከኮሚኒስቱ ዓለም ያመለጠ ስደተኛ ሠዓሊ ነበር፤ የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው ለባለ ገንዘብ ቤተሰቦች ምስላቸውን እየሣለ ነው። ካሠሩት ሰዎች አንዷ የዣን ክሎድ እናት ናቸው። ሠዓሊው የእናቲቱን ፊት ሊሥል ገብቶ ልጅቷን አይቶ ወጣ። በ1964 ኒው ዮርክ ገቡና ዕድሜያቸውን እዚያው ኖሩ።

ሥራቸው ለመናገር ቀላል፣ ለማመን ከባድ ነው። ትልልቅ ነገሮችን በጨርቅ ይሸፍናሉ። በ1969 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሲድኒ አጠገብ፣ የባሕር ዳርቻ ቋጥኝ ሸፈኑ። በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ በከብት አርቢዎች መሬት ላይ 5 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው፣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የነጭ ጨርቅ አጥር ዘርግተው ጫፉን ባሕር ውስጥ ከተቱት። በ1985 ፓሪስ ያለውን ፖን ኔፍ የሚባለውን አሮጌ ድልድይ፣ በ1995 በርሊን ያለውን የጀርመን ፓርላማ ሕንጻ ራይኽስታግን ጠቀለሉ። ለራይኽስታግ ብቻ 100,000 ካሬ ሜትር ጨርቅ ገብቷል። አብዛኞቹ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆማሉ፤ ከዚያ ይነሳሉ። መግቢያ የለም፤ ለሽያጭም አይቀርቡም።

ለሁለት ሳምንት ሥራ ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ ልንገራችሁ። የራይኽስታግ ሐሳብ ከተፀነሰ እስከ ተፈጸመበት ቀን 24 ዓመት አልፏል። ደብዳቤ፣ ደጅ ጥናት፣ እምቢታ፣ እንደገና ደብዳቤ። በመጨረሻ የጀርመን ፓርላማ በ1994 ጉዳዩን አጀንዳ ይዞ ተከራከረበትና 292 ለ223 በሆነ ድምፅ ፈቀደ። ጨርቁ በተዘረጋባቸው 14 ቀናት 5 ሚሊዮን ያህል ሰው መጥቶ አይቶታል። የኒው ዮርኩም እንዲሁ ነው። ሴንትራል ፓርክ ውስጥ 7,503 ብርቱካንማ መጋረጃ የወረደባቸው በሮች ለማቆም በ1979 ጀምረው ፈቃድ ያገኙት ከ20 ዓመት በላይ ቆይተው ነው፤ ሥራው የተዘረጋው በ2005 ነበር።

እንግዲህ አስቡት። 24 ዓመት ሙሉ አንድ ሐሳብ ይዞ የሚጠብቅ ባልና ሚስት። በመካከል ልጅ አሳድገዋል፣ ተጨቃጭቀዋል። እኔን የገረመኝ ጨርቁ ሳይሆን ይሄ ነው።

እንዴት ቻሉት? ሥራ ተከፋፍለው ነው፤ ክፍፍሉም በግልጽ የተነገረ ነበር። ለማንኛውም ሥራቸው የሚያስፈልገውን ገንዘብ የሚያገኙት ክሪስቶ ለዝግጅት የሚሥላቸውን ንድፎች በመሸጥ ነበር፤ ከመንግሥትም ከድርጅትም ስፖንሰር አይቀበሉም። ንድፎቹን የሚሥለው እሱ ብቻ ነው። የገንዘቡን፣ የሽያጩን፣ የኩባንያውን ጉዳይ የምትመራው እሷ ነች። ሦስት ነገሮችን አብረን አናደርግም ይሉ ነበር። አንደኛ፣ በአንድ አውሮፕላን አይሳፈሩም፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው የተጀመረውን እንዲጨርስ ነው። ሁለተኛ፣ እሷ አትሥልም። ሦስተኛ፣ እሱ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ለግብር ጉዳይ አይቀመጥም። የመጨረሻዋን ስሰማ ቀንቻለሁ፤ አልዋሽም።

የተቀረውን ግን፣ ማለትም ሐሳቡን፣ ቦታ መረጣውን፣ ክርክሩን፣ አብረው ነው የሚሠሩት። በ1983 ማያሚ አጠገብ 11 ደሴቶችን ዙሪያቸውን ውኃው ላይ በተንሳፈፈ ሮዝ ጨርቅ ከበቧቸው፤ ጨርቁ ከ600,000 ካሬ ሜትር በላይ ነው። ከሥራዎቻቸው ሁሉ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ይሄ ነው። ሐሳቡን ያመጣችው ዣን ክሎድ ናት። ዓለም ያጨበጨበው ግን ለክሪስቶ ነበር፤ ሥራው የወጣው በእሱ ስም ብቻ ነዋ።

ይህን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ለአንድ ሠዓሊ ስም ማውጣት ራሱ ከባድ ነው፤ ሁለት ስም ይዞ መነሳት፣ አንዷ ደግሞ ሴት ስትሆን፣ የባሰ ይከብዳል ብለው በእሱ ስም ብቻ ለመሄድ ተስማሙ። ዕድሜያቸው ወደ 60 ሲጠጋ፣ በ1994፣ ውሳኔውን አረሙት። ደጅ የተሠሩት ትልልቅ ሥራዎች በሙሉ፣ የድሮዎቹም ጭምር፣ የክሪስቶና የዣን ክሎድ ናቸው ብለው አስታወቁ። ወረቀት ላይ ያሉት ንድፎች ግን የክሪስቶ ብቻ ሆነው ቀሩ፤ እሷ አልሣለቻቸውምና።

የምወድላቸው ይሄን ጥንቃቄ ነው። እሱ “ሁሉም የሁለታችን ነው” ብሎ በፍቅር ስም አላድበሰበሰም፤ እሷም ያልሠራችውን አልወሰደችም። ቀልድም ታውቅ ነበር። ክሪስቶ የጥርስ ሐኪም ቢሆን ኖሮ እኔም የጥርስ ሐኪም እሆን ነበር ትል ነበር። ያን ቀይ የተነከረ ፀጉሯን ያየ አይረሳትም፤ ቀለሙን የመረጠላት እሱ ነው።

ስም ሲባል ደግሞ ሙገሳ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1991 በጃፓንና በካሊፎርኒያ በአንድ ጊዜ 3,100 ግዙፍ ጃንጥላዎች ሲተክሉ፣ ካሊፎርኒያ ላይ ነፋስ አንዱን ነቅሎ አንዲት ሴት ገደለ። ስም ያለበት ሰው ለዚያም ይጠየቃል።

(ሙዚቃ፣ አጭር)

አሁን ደግሞ በሌላው በኩል የሆነውን እንይ፤ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ማሪና አብራሞቪችና ኡላይ የተባሉት የጥበብ ጥንዶች ከ1976 እስከ 1988 አብረው ኖረው አብረው ሠርተዋል። የሚሠሩት በገዛ ሰውነታቸው ነው። በ1977 ፀጉራቸውን አንድ ላይ ጎንጉነው፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ 17 ሰዓት ቆይተዋል። በ1980 ደግሞ ቀስት ገትረው ቆሙ፤ ደጋኑን የያዘችው እሷ፣ አውታሩንና ፍላጻውን ይዞ ወደ ኋላ የሚስበው እሱ፣ ፍላጻው የተነጣጠረው በልቧ ላይ። አራት ደቂቃ። አንዳቸው ቢስቱ እሷ አለቀላት።

የመጨረሻው ሥራቸው በቻይና ታላቁ ግንብ ላይ ነበር። ከሁለት ጫፍ ተነስተው፣ መሐል ላይ ተገናኝተው ሊጋቡ ነበር ሐሳቡ። የቻይና መንግሥት ፈቃዱን እስኪሰጥ ዓመታት አለፉ፤ ፈቃዱ ሲመጣ ፍቅሩ አልቆ ነበር። ይሁንና አልተዉትም። በ1988 ለ90 ቀን ያህል ተጓዙና ተገናኙ፤ ተሰነባበቱ፤ በየፊናቸው ሄዱ።

ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ያምር ነበር። አላለቀም። አብረው በሠሯቸው ሥራዎች ላይ በ1999 የተፈራረሙት ውል ነበራቸው፤ ኡላይ ውሉ አልተከበረም ብሎ ከሰሳት። በ2016 አንድ የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት 250,000 ዩሮ እንድትከፍለው ወሰነ። ከገንዘቡ ይልቅ ጆሮዬን ያቆመው የውሳኔው ሌላ ክፍል ነው። ከ1976 እስከ 1980 የተሠሩት ሥራዎች ላይ የኡላይ ስም ይቅደም፤ ከ1981 እስከ 1988 ባሉት ላይ የአብራሞቪች ይቅደም። ዳኛ ተቀምጦ የማን ስም ቀድሞ እንደሚጻፍ በዓመት ከፍሎ ወሰነ ማለት ነው። ይህን ሁለቱ ሻይ ላይ ሊጨርሱት ይችሉ ነበር እላለሁ እኔ፤ እነሱ ግን ሳይነጋገሩ ብዙ ዓመት አልፏቸው ነበር። ደስ የሚለው ነገር፣ ኡላይ በ2020 ከመሞቱ በፊት ታርቀዋል።

የኛ ሰው የሚያውቃቸው ጥንዶችም አሉ። ዋሽንግተን የኖረ ወይም የተሻገረ አድማጭ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ሳንኮፋ የሚል ስም ያለበት ቤት አይቶ ይሆናል፤ መጽሐፍ ይሸጣል፣ ፊልም ይሸጣል፣ ቡና ይፈላል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለ ነው። ቤቱ የኃይሌ ገሪማና የባለቤቱ የሺሪኪያና አይና ነው። እሱ የጎንደር ልጅ፣ እሷ የዲትሮይት። ሁለቱም ፊልም የተማሩት ሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው።

“ሳንኮፋ” በ1993 የወጣው የኃይሌ ፊልም ነው፤ ቃሉ የጋና አካኖች ሲሆን ተመልሰህ የተውከውን አምጣ እንደ ማለት ነው። ስለ ባርነት ይናገራል። ጽፎ ያዘጋጀው ኃይሌ ሲሆን ሺሪኪያና ከእሱ ጋር ፕሮዲዩሰር ናት። ፊልሙ በርሊን ፌስቲቫል ላይ ቢወዳደርም፣ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ኩባንያ ጠፋ። ባልና ሚስቱ ምን አደረጉ? ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራዩ። በየከተማው ያለውን ማኅበረሰብ እያስተባበሩ፣ ትኬት እየሸጡ፣ ፊልሙን ከከተማ ከተማ አዞሩት። ከዚያ ልምድ ነው መጽሐፍ ቤቱ የመጣው።

እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ሺሪኪያና የባሏ ፊልም ረዳት ሆና አልቀረችም፤ በ1982 ስለ ዋሽንግተን ነዋሪዎች መፈናቀል፣ በ1997 ደግሞ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ስለሚመለሱ ጥቁር አሜሪካውያን የራሷን ዘጋቢ ፊልሞች አዘጋጅታለች። አብረው የሚሠሩት አለ፤ ለየብቻ የሚሠሩትም አለ። የራሱ ጉድጓድ የሌለው ሸማኔ የሌላ ሰው ረጋጭ ነው የሚሆነው።

(ለአፍታ ዝምታ)

አሁን ስለ ራሴ ልናዘዝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ ለልጆች የምትሆን አጭር የሬዲዮ ድራማ ጻፍን። ዶሮዋ ስለጠፋችባት አንዲት አሮጊት ነበር። ሐሳቡ የእሷ ነው። ብዕር የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እዚህ ላይ ነው ጣጣው። እኔ እንደ ጻፍኩት፣ አሮጊቷ ዶሮዋን ስታጣ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ጮክ ብዬ ሳነበው ባለቤቴ ጓዳ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። “እንዲህ ያለች ሴት አታለቅስም” አለችኝ ከዚያው ሆና። “ሄዳ የጎረቤቷን ዶሮዎች ቆጥራ ነው የምትመለሰው።”

ልቅሶዋን ሰርዤ ቆጠራውን አስገባሁ። ድራማው ሲተላለፍ ሰው ሁሉ የሳቀው እዚያች ጋ ነው። መጨረሻ ላይ አስተዋዋቂው “ደራሲ” ብሎ የእኔን ስም ጠራ፤ ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት የራሴን ብቻ ነበርና። ማታ ቤት ስገባ ራት ቀርቧል። “ጥሩ ነበር” አለችኝ እንጀራውን እያነሳሳች። ትንሽ ቆየችና “በተለይ አሮጊቷ” አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ድራማ እንጻፍ ብዬ ብዙ ለምኛለሁ።

ስለዚህ ከትዳር ወይም ከፍቅር ጓደኛችሁ ጋር አንድ ነገር ልትሠሩ ያሰባችሁ፣ የምነግራችሁ ከወደቀ ሰው የመጣ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ማን ምን እንደሚሠራ ተነጋገሩ፤ የመጨረሻዋን ቃል በየትኛው ጉዳይ ላይ ማን እንደሚናገርም ለዩ። በግጥሙ እሷ፣ በዜማው እሱ፣ እንደዚያ። ትችት ሰዓት ይኑረው፤ መኝታ ቤት አይግባ። የመጀመሪያው ሥራ ትንሽ ይሁን፤ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ አንድ ዘፈን፣ አንድ ሥዕል። ፊልም በመሥራት የጀመሩ ብዙዎች ፊልሙንም ትዳሩንም ሳይጨርሱ ሲቀሩ አይቻለሁ።

ስሙን በተመለከተ የኛ የካሴት ልባስ ጥሩ አስተማሪ ነበር። ግጥም እከሌ፣ ዜማ እከሌ፣ ቅንብር እከሌ ተብሎ ይጻፍበታል። ማን ምን እንደሠራ በሦስት መስመር ያልቃል። ያን ልማድ ቤታችሁ አስገቡት።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለት ሰዎች በጋራ ያመነጩትን ሥራ የጋራ ሥራ አድርጎ ያየዋል፤ ባለቤቶቹም ሁለቱም ናቸው። ተለይቶ ለብቻው ሊያገለግል የሚችል ክፍል ካለ ግን ያ ክፍል የሠራው ሰው ነው። የጋራ ሥራ ጥበቃው የሚዘልቀው ከሁለቱ ዘግይቶ የሞተው ካለፈ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። በሌላ በኩል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ በጥረታቸው ያገኙት ገቢ የጋራ ነው ይላል። ሁለቱን አታምታቱ። ከዘፈኑ የመጣው ገንዘብ የጋራ ሊሆን ይችላል፤ ደራሲ መባል ግን ከጋብቻ ምስክር ወረቀት ጋር አብሮ አይመጣም፤ የሚመጣው ከመሥራት ነው። ጉዳዩ የጠበቀ ከሆነ ጠበቃ አማክሩ፤ እኔ ጋዜጠኛ ነኝ።

ክሪስቶና ዣን ክሎድን እዚያው ጥዬ እንዳላልፍ። እሷ በ2009፣ እሱ በ2020 አረፉ። ፓሪስ ያለውን የድል በር፣ አርክ ደ ትሪዮንፍን፣ የመሸፈን ሐሳብ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ነበራቸው። ሁለቱም በሌሉበት፣ በሴፕቴምበር 2021፣ በ25,000 ካሬ ሜትር ጨርቅና በ3,000 ሜትር ቀይ ገመድ ተጠቀለለ። ለ16 ቀን የቆመው በሁለቱ ስም ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ከእናንተ የመጡ ደብዳቤዎችን እናነባለን። ከባላችሁ፣ ከሚስታችሁ፣ ከፍቅረኛችሁ ጋር የሠራችሁት ግጥም፣ ዜማ፣ ሥዕል ወይም ጥልፍ ካለ ጻፉልን። እቤታችሁ አሮጌ ጋቢ ካለም፣ ማን እንደሸመነው ብቻ ሳይሆን ማን እንደፈተለውም እናቶቻችሁን ጠይቃችሁ ንገሩን። አደራ፣ ሁለቱንም ስም ጻፉ። የዛሬውን ዝግጅት ያቀረብኩላችሁ እኔ ነኝ፤ ጽሑፉን አንብባ ሦስት ቦታ ያስተካከለችልኝ ባለቤቴ ናት። ሰላም ሰንብቱ።

(መውጫ ሙዚቃ)